ትንሹ ሽጉጥ ለምን ይነክሳል?
የቅብብሎሽ ፊዚክስ

አማርኛ የጦር መሣሪያን ባለ አፍ ፍጡር አድርጎ ይገልጸዋል። ጠመንጃ ጥይት ይጎርሳል፤ አፈሙዝ አለው፤ ተኩሶ ሲያበቃ ቀለሁን ይተፋል፤ ሳይታሰብም ይነክሳል። «ከሸፈ» እና «ነከሰ» የሚሉት ሁለት ቃላት በዘወትር ንግግር ሲቀላቀሉ ቢሰሙም የሚያመለክቱት የተለያየ ነገር ነው። ጥይት ከሸፈ የምንለው መርፌው መትቶት ሳለ ባሩዱ ሳይቀጣጠል ሲቀር ነው፤ ይህ በአመዛኙ የኬሚስትሪ ጉዳይ ነው። መሣሪያ ነከሰ የምንለው ግን ጥይቱ ወደ በርሜሉ ሲገባ፣ ወይም ቀለሁ ከበርሜሉ ሲወጣ፣ መንገድ ላይ ተይዞ ሲቀር ነው፤ ይህ ደግሞ የፊዚክስ ጉዳይ ነው። ሦስተኛም ቃል አለ፤ እርሱም «አቀባበለ» የሚለው ነው። ተኳሽ መሣሪያውን ለተኩስ ሲያዘጋጅ አቀባበለ ይባላል። ቃሉ አንዱ ለሌላው ማስረከቡን ስለሚያመለክት፣ በመሣሪያው ውስጥ የሚፈጸመውን ሥራ ከብዙ የመማሪያ መጻሕፍት ይልቅ በትክክል ይገልጸዋል።

ወደዚህ ጉዳይ የመራን ከሂርና የመጣ አንድ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ስለ ሞላ በምንማማርበት ክፍለ ጊዜ ያነሣው ጥያቄ ነው። ሂርና በምዕራብ ሐረርጌ ዞን በጡሎ ወረዳ፣ ከጭሮ (ከቀድሞዋ አሰበ ተፈሪ) ወደ ሐረር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። የተማሪው አጎት በሥራቸው ምክንያት በሕግ አግባብ ሽጉጥ ይይዛሉ። ለረጅም ዘመን ሲገለገሉበት የነበረው ትልቁና ከባዱ ሽጉጥ አንድም ቀን አልነከሰባቸውም፤ በምትኩ የተሰጣቸው አዲስ ትንሽ ሽጉጥ ግን በመጀመሪያው የልምምድ ቀን ሦስት ጊዜ ነከሰባቸው። «አዲስ ዕቃ እንዴት ከአሮጌ ያንሳል?» ነበር የተማሪው ጥያቄ። ጥያቄው ቀላል ይምሰል እንጂ መልሱ የኒውተንን ሕግ፣ ሰበቃን፣ የእህል ወፍጮንና የዕድል ስሌትን ይጠይቃል። አሳሳቢነቱም ግልጽ ነው፤ በአስፈላጊው ሰዓት የነከሰ መሣሪያ ባለቤቱን ለአደጋ ያጋልጣል፤ በድንጋጤ ሊያላቅቁት የታገሉት የነከሰ መሣሪያ ደግሞ አጠገብ የቆመውን ሰው ሊገድል ይችላል።

ከእጅ ወደ ሞላ

በ1888 ዓ.ም. በዐድዋ ጦርነት ከኢትዮጵያ ሠራዊት እጅ ከነበሩት መሣሪያዎች አንዱ ውጅግራ ነበር። ውጅግራ በ1874 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ አገር የተሠራው፣ 11 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ባለ አንድ ጥይት ጠመንጃ ነው። ተኳሹ ከዝናሩ አንድ ጥይት እየመዘዘ በጣቱ ያጎርሰዋል። አቀባባዩ እጅ ነውና፣ ጥይቱ ጠመም ቢል ጣት ይሰማዋል፤ ወዲያውም ያቃናዋል።

በ1884 እ.ኤ.አ. ሒራም ማክሲም የተባለው የፈጠራ ሰው መሣሪያው ወደ ኋላ በሚመታበት ጉልበት ራሱን እንዲያጎርስ የሚያደርግ መትረየስ ሠራ። ከዚያ በኋላ ጆን ብራውኒንግና ሌሎች ባለሙያዎች ይህንኑ አሳብ ወደ ሽጉጥ አመጡት። ከዚህ ጊዜ ጀምሮ የጣትን ሥራ የተረከበው ሞላ ነው። ሞላ ፈጣን ነው፤ አይደክምም፤ ነገር ግን አይሰማም። የጠመመውን ጥይት ከቀናው ሳይለይ በእኩል ጉልበት ይገፋዋል። መንከስ የሚባለው ችግር በብዛት የታወቀውም እጅ ለሞላ ካስረከበ በኋላ ነው።

በሺህኛ ሰከንዶች ውስጥ የሚፈጸመው

በዘመናዊ ሽጉጥ ውስጥ ያለው ቅብብሎሽ በአጭሩ የሚከተለው ነው። ጥይቱ ሲተኮስ አረሩ ወደ ፊት ይሄዳል፤ የሽጉጡ የላይኛው ተንሸራታች ክፍል ወደ ኋላ ይመለሳል። ተንሸራታቹ ወደ ኋላ ሲሄድ ቀለሁን በጥፍሩ ይዞ ያወጣል፤ ቀለሁም ከማስፈንጠሪያው ጋር ተጋጭቶ ይወረወራል። በዚህ ጊዜ በእጀታው ውስጥ ባለው ካርታ የታመቀው ሞላ ቀጣዩን ጥይት ወደ ላይ ያነሣል። ተንሸራታቹም በራሱ ሞላ ተገፍቶ ወደ ፊት ሲመለስ የተነሣውን ጥይት ከኋላው ይገፋዋል፤ ጥይቱም ትንሽ ዳገት ወጥቶ በርሜሉ ውስጥ ይገባል።

እዚህ ላይ ቢያንስ አራት ርክክቦች አሉ፤ አንዱ ቢዘገይ የቀረው ሁሉ ይበላሻል። ጊዜው ምን ያህል ጠባብ እንደ ሆነ ለመረዳት ለምሳሌ ያህል በወሰድናቸው፣ ከእውነታው ባልራቁ ቁጥሮች እንመልከት። 8 ግራም የሚመዝን አረር በሰከንድ 340 ሜትር ፍጥነት ቢወጣ፣ ግዝፈቱ በፍጥነቱ ሲባዛ ወደ 2.7 ኪሎ ግራም ሜትር በሰከንድ ይሆናል። የባሩዱን ጋዝ ለጊዜው ብንተወው፣ በኒውተን ሦስተኛ ሕግ መሠረት ተንሸራታቹ ይህንኑ መጠን በተቃራኒው አቅጣጫ ይቀበላል።

የትልቁ ሽጉጥ ተንሸራታች ከነበርሜሉ 450 ግራም ቢመዝን ወደ ኋላ የሚሄደው በሰከንድ 6 ሜትር ነው። የትንሹ 300 ግራም ቢመዝን ግን በሰከንድ 9 ሜትር ይሄዳል። የእንቅስቃሴ ጉልበቱን ብናሰላው የትልቁ ወደ 8 ጁል፣ የትንሹ ወደ 12 ጁል ይሆናል። በአጭር በርሜል የአረሩ ፍጥነት ጥቂት እንደሚቀንስ እናውቃለን፤ ቢሆንም የነገሩ አቅጣጫ አይለወጥም። ያው አንድ ጥይት ለትንሹ ሽጉጥ የበለጠ ጉልበት ያስረክበዋል፤ ትንሹ ሽጉጥ ደግሞ ይህንን ጉልበት በአጠረ መንገድ ማቆም አለበት። ስለዚህ መሐንዲሶች የመመለሻውን ሞላ ያጠነክሩታል። የጠነከረ ሞላ ግን ተንሸራታቹን በፍጥነት ወደ ፊት ስለሚመልሰው፣ ለሚቀጥለው ጥይት የቀረውን ጊዜ ያሳጥረዋል።

የጥይቱና የተንሸራታቹ ሩጫ

የቀረው ጊዜ ስንት ነው? የተንሸራታቹ ፊት ከጥይቱ ጀርባ አልፎ የሚሄደው 5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው እንበል። ይህንን ርቀት ወደ ኋላ ሲሄድ ከ1 ሚሊ ሰከንድ (ከሰከንድ አንድ ሺህኛ) ጥቂት የበለጠ ጊዜ ይወስድበታል። ሲመለስ 70 ኒውተን የሚገፋ ሞላ 300 ግራሙን ተንሸራታች ለዚሁ ርቀት 6.5 ሚሊ ሰከንድ ያህል ያስኬደዋል። በድምሩ ጥይቱ ለመነሣት ያለው ጊዜ ወደ 8 ሚሊ ሰከንድ ነው።

በሌላ በኩል ካርታው 10 ጥይት ይዟል፤ እያንዳንዱ 12 ግራም ቢመዝን በአንድ ላይ 120 ግራም ይሆናሉ። የካርታው ሞላ በ15 ኒውተን ቢገፋቸውና ከዚህ ላይ 1.2 ኒውተን የሚሆነውን ክብደታቸውን ብንቀንስ፣ 3 ሚሊ ሜትር ለመነሣት ወደ 7 ሚሊ ሰከንድ ይፈጅባቸዋል። ሰባት ከስምንት ያንሳልና ጥይቱ በሰዓቱ ደረሰ፤ ሽጉጡም ሠራ። የካርታው ሞላ ደክሞ ጉልበቱ 8 ኒውተን ቢሆን ግን 10 ሚሊ ሰከንድ ያስፈልጋል። ጥይቱ በ2 ሚሊ ሰከንድ ዘገየ ማለት ነው። ተንሸራታቹ ወይ በላዩ አልፎ ባዶ በርሜል ላይ ይዘጋል፤ ወይም የጥይቱን ወገብ ረግጦ ይነክሳል። የዐይን ቅንድብ አንድ ጊዜ እስኪርገበገብ ድረስ ከ100 ሚሊ ሰከንድ በላይ ይወስዳል። ስለዚህ በሽጉጡ ውስጥ የመሥራትና የመንከስ ልዩነት ቅንድባችን ከሚርገበገብበት ጊዜ በብዙ እጥፍ ያነሰ ነው።

ቀጥሎ ያለው መሰናክል ዳገቱ ነው። በትንሽ ሽጉጥ ውስጥ ካርታውና በርሜሉ ስለሚቀራረቡ፣ ጥይቱ የሚወጣው ዳገት አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል። ጥይቱን አግድም ስንገፋው ዳገቱን ለመውጣት ከሚረዳው ጉልበት ሰበቃ የሚበላው ድርሻ፣ የሰበቃው መጠን በዳገቱ ታንጀንት ሲባዛ የሚገኘው ነው። ንጹሕ በሆነ ብረት ላይ የሰበቃው መጠን 0.2 ቢሆን፣ በ30 ዲግሪ ዳገት 12 ከመቶ ያህል፣ በ50 ዲግሪ ዳገት ደግሞ 24 ከመቶ ያህል ይጠፋል። ቆሻሻ ገብቶ የሰበቃው መጠን ወደ 0.4 ከፍ ቢል፣ በ50 ዲግሪው ዳገት የሚጠፋው ወደ 48 ከመቶ ይደርሳል። ትልቁ ሽጉጥ በቆሸሸ ጊዜ የሚያጣው፣ ትንሹ ንጹሕ ሆኖ ሳለ የሚያጣውን ያህል ነው።

አዲስነትም የራሱ ዕዳ አለው። ያልተላመዱ ብረቶች ገጽታቸው ሻካራ ነው፤ ሞላዎቹ ግትር ናቸው፤ ከፋብሪካ ሲወጣ ዝገት ለመከላከል የሚቀባው ቅባትም አንዳንድ ጊዜ ወፍራም ነው። እነዚህ ሁሉ ሰበቃን ይጨምራሉ። የተማሪያችን አጎት አሮጌው ሽጉጥ ዳገቱ በዘመናት አገልግሎት ተወልውሎ ለስልሷል።

በመጨረሻም እጅ አለ። ከታንኳ ወደ ዳር የሚዘል ሰው ታንኳዋ ወደ ኋላ ስለምትሸሽ ያሰበውን ያህል አይርቅም። ተንሸራታቹም ወደ ኋላ ሲሄድ እጀታው አብሮት ከሸሸ፣ በእጀታው ላይ የሚጓዘው ርቀት ያጥራል። ከባድ ሽጉጥ በራሱ ክብደት ይረጋል፤ ቀላሉ ሽጉጥ ግን የሚረጋው በተኳሹ እጅ ጥንካሬ ነው። ስለዚህ አንዱ እጅ ላይ የሚነክስ ትንሽ ሽጉጥ ሌላው እጅ ላይ ያለ ችግር ሊሠራ ይችላል።

የሂርና ወፍጮና የሽጉጥ ካርታ

ስለ ካርታው ጠባይ ይበልጥ ለመረዳት ሂርና ወዳለ የእህል ወፍጮ ቤት መሄድ ይበቃል። በምዕራብ ሐረርጌ ማሽላና በቆሎ ዋና ዋና አዝርዕት ናቸው። እህል ወደ ወፍጮው በሚፈስስበት የቆርቆሮ አፍ ላይ አንዳንድ ጊዜ ፍሰቱ በድንገት ይቆማል፤ አስፈጪው ቆርቆሮውን በእጁ መታ ሲያደርገው ደግሞ ይቀጥላል። የሆነው ነገር ፍሬዎቹ እርስ በርሳቸው ተደጋግፈው፣ እንደ ድንጋይ ድልድይ ቅስት ሠርተው፣ የላዩን ክብደት ወደ ግድግዳው ማስተላለፋቸው ነው። በተለያዩ ሙከራዎች እንደ ታየው፣ የቀዳዳው ስፋት ከአንዱ ፍሬ ስፋት አምስት እጥፍ ገደማ በታች ሲሆን መታፈኑ ይበዛል። 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ለሆነ የማሽላ ፍሬ 2 ሳንቲ ሜትር ቀዳዳ ሲበቃ፣ ስፋቷ የዚህ እጥፍ ለሆነ የበቆሎ ፍሬ ግን ያው ቀዳዳ ይጠብባል።

ብዙ ጥይት የሚይዝ ካርታ ከዚህ ወፍጮ አፍ ጋር ይመሳሰላል። ከታች ጥይቶቹ በሁለት ረድፍ ተደርድረው፣ ከላይ ግን ካርታው ጠብቦ በአንድ ረድፍ ይወጣሉ። ሁለቱ ረድፎች በሚገናኙበት ቦታ ጥይቶቹ እርስ በርሳቸውና ከግድግዳው ጋር ይደጋገፋሉ፤ የሞላው ጉልበት ከፊሉም ወደ ጎን ይባክናል። በተለይ ካርታው ሙሉ ሲሆን፣ ግድግዳው ሲጎደጉድ ወይም አቧራ ሲገባበት ጥይቱ ከሚገባው ጊዜ ዘግይቶ ይነሣል። እንግዲህ ከላይ ያሰላነው 7 ሚሊ ሰከንድ ሰበቃ የሌለበት የተሻለው ሁኔታ እንደ ነበረ ልብ ይሏል።

ዘይትና አቧራ

ሽጉጥ ሲነክስ ብዙ ሰው ፈጥኖ የሚወስደው መፍትሔ ዘይት መጨመር ነው። ይህ አሳብ ከእኛው አገር ታሪክ ጋር የተያያዘ ማስጠንቀቂያ አለበት። በ1928 ዓ.ም. ኢትዮጵያን የወረረው የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር ከታጠቃቸው ቀላል መትረየሶች አንዱ የ1930 እ.ኤ.አ. ሥሪት የሆነው ብሬዳ ነበር። ይህ መትረየስ ቀለሁን በቀላሉ ማውጣት ስለማይችል፣ ወደ በርሜሉ የሚገባውን እያንዳንዱን ጥይት በዘይት የሚቀባ ትንሽ ፓምፕ ተሠርቶለት ነበር። በንጹሕ ቦታ ዘዴው ይሠራል። በአቧራማ አገር ግን ዘይቱ አቧራውን እየያዘ እንደ ሞረድ የሚፈገፍግ ጭቃ ስለሚሆን፣ ሰበቃን ሊቀንስ የገባው ነገር ሰበቃን ጨመረ። ብሬዳ በመንከስ ስሙ የጠፋውም በዚህ ምክንያት ነው። የእንግሊዝ ጦር በ1933 ዓ.ም. መጋቢት 17 ቀን ሐረርን፣ መጋቢት 20 ቀን ድሬዳዋን ይዞ በሚኤሶ በኩል ወደ አዋሽ ሲገሰግስ፣ የኢጣሊያ ጦር አሁንም ይህንኑ መትረየስ ታጥቆ ነበር።

በበጋ ወራት የምዕራብ ሐረርጌን መንገዶች የሚያውቅ ሰው ትምህርቱን ለመረዳት አይቸገርም። ዘይት የሚቀባው ብረት ከብረት ጋር በሚንሸራተትበት መስመር ላይ፣ ስስ ሆኖ፣ ከጽዳት በኋላ ነው። ካርታው ውስጥና ጥይቱ ላይ ግን ዘይት አይቀባም።

ጥፋተኛውን መለየት

የነከሰ ሽጉጥ የት ላይ እንደ ነከሰ ማየት የምርመራው መጀመሪያ ነው። የጥይቱ አፍንጫ ዳገቱን ተደግፎ ከቆመ፣ ጥርጣሬው በዳገቱ ሰበቃ፣ በአረሩ ቅርጽ (አፍንጫው ክብ ነው ወይስ ጠፍጣፋ) ወይም በካርታው ከንፈሮች ላይ ያርፋል። ባዶው ቀለህ በመውጫው ላይ ተይዞ ከተገኘ፣ ተንሸራታቹ እስከ መጨረሻው አልሄደም፤ ወይም ጥፍሩ ቀለሁን በሚገባ አልያዘም። ምክንያቱ ደካማ ጥይት፣ የላላ አያያዝ ወይም በጥፍሩ ሥር የገባ ቆሻሻ ሊሆን ይችላል። ካርታው ውስጥ ጥይት እያለ ሽጉጡ ባዶውን ከተዘጋ ደግሞ፣ ከላይ ያሰላነውን ሩጫ ጥይቱ ተሸንፏል ማለት ነው፤ በቅድሚያ የሚጠረጠረውም የካርታው ሞላ ነው።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ደንብ በየላቦራቶሪው የምናስተምረው ነው፤ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ። ሁለት ካርታዎች ካሉ 1 እና 2 ተብለው ምልክት ይደረግባቸዋል። ችግሩ ካርታ 1ን ተከትሎ ከሄደ ጥፋቱ የካርታው ነው፤ ካርታው ተለውጦ ችግሩ ከቀጠለ ካርታው ነጻ ወጣ። ከዚያ የጥይቱ ዓይነት፣ ከዚያም ተኳሹ ይለወጣል። እያንዳንዱ ውጤት በማስታወሻ ይያዛል። በአንድ ቀን ሽጉጡን ያጸዳ፣ ዘይት የቀየረ፣ ጥይት የለወጠና ካርታ የገዛ ሰው ምናልባት የሚሠራ ሽጉጥ ያገኝ ይሆናል፤ ምክንያቱን ግን አላወቀም። ችግሩ ሲመለስ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል።

ስንት ጥይት ይበቃል?

«አስተካክለነዋል፤ 50 ጊዜ ተኩሰን አንድም ጊዜ አልነከሰም» የሚለው ማስረጃ ምን ያህል ያስተማምናል? ሽጉጡ በእርግጥ ከ50 ጥይት አንዱን የሚነክስ ነው ብለን እናስብ። በእያንዳንዱ ተኩስ ያለመንከሱ ዕድል 0.98 ነው። ይህንን 50 ጊዜ በራሱ ብናባዛው 0.36 እናገኛለን። ይህም ማለት ጉድለቱ እንዳለ ሆኖ፣ ሽጉጡ ከመቶ በ36ቱ ፈተናውን በንጽሕና ያልፋል።

ለዚህ ዓይነቱ ጥያቄ በስታቲስቲክስ የታወቀ አቋራጭ አለ። አንድ ነገር በተከታታይ ተሞክሮ አንድም ጊዜ ካልተሳሳተ፣ ሦስትን ለሙከራው ብዛት ማካፈል ነው። ውጤቱ በ95 ከመቶ እርግጠኝነት የስሕተቱን የመጨረሻ ጣሪያ ይነግረናል። 50 ያለ ችግር የተተኮሰ ጥይት ጣሪያውን 6 ከመቶ ላይ ያደርገዋል፤ 200 ጥይት ደግሞ 1.5 ከመቶ ላይ። በ1911 እ.ኤ.አ. ብራውኒንግ የነደፈው ሽጉጥ በአሜሪካ ጦር ተፈትኖ 6,000 ጥይት ያለ አንድ መንከስ ተኩሷል። በዚሁ ስሌት ጣሪያው 0.05 ከመቶ፣ ማለትም ከ2,000 አንድ ነው። ቁጥሩ ጥይት ለማባከን የተደረገ አልነበረም፤ የሰው ሕይወት የሚደገፍበት ዕቃ የሚጠይቀው ማስረጃ ነበር።

የነከሰ መሣሪያ ባዶ አይደለም

እስከ አሁን ያልነው ሁሉ ከአንድ ማሳሰቢያ በኋላ የሚመጣ ነው። የነከሰ መሣሪያ እንደ ጎረሰ መሣሪያ መቆጠር አለበት። አፈሙዙ ሰው ወደሌለበት አቅጣጫ ይያዛል፤ ጣት ከምላጩ ይርቃል፤ ወደ አፈሙዙ ጎንበስ ብሎ ማየት ፈጽሞ የተከለከለ ነው። ምላጩ ተስቦ ጥይቱ ካልፈነዳ፣ ዘግይቶ ሊፈነዳ ስለሚችል ቢያንስ 30 ሰከንድ አፈሙዙን ሳያዞሩ መጠበቅ ያስፈልጋል። ተኩሱ ከወትሮው የደከመ ድምፅ ካሰማ ደግሞ አረሩ በርሜል ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ይችላልና፣ ሌላ ጥይት ቢከተልበት በርሜሉ ይፈነዳል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 የጦር መሣሪያን ያለ ፈቃድ መያዝን ይከለክላል። ፈቃድ ያለውም ቢሆን ዳገቱን በሞረድ ከመፈግፈግና ሞላውን በግምት ከመቁረጥ ይልቅ መሣሪያውን ወደ ሠለጠነ ጠጋኝ መውሰድ ይገባዋል።

ውድ ተማሪዎች፣ የዚህን ጽሑፍ አሳብ ለመፈተን ሽጉጥ አያስፈልግም። ከወፍራም ወረቀት በቀዳዳቸው ስፋት የሚለያዩ አራት ማንቆርቆሪያዎች ሠርታችሁ፣ በአንዱ ቀን በቆሎ፣ በሌላው ቀን ማሽላ አፍስሱባቸው። እያንዳንዱን 50 ጊዜ ሞክሩ፤ የታፈነበትን ጊዜ ቁጠሩ፤ የቀዳዳው ስፋት ለፍሬው ስፋት ሲካፈል የሚገኘውን ቁጥር ከመታፈኑ ብዛት ጋር በግራፍ አስቀምጡ። ከዚያም አንዱን ማንቆርቆሪያ በጥቂት አቧራ አቆሽሹና ሙከራውን ድገሙት። አንድም ጊዜ ያልታፈነውን ማንቆርቆሪያ «አይታፈንም» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት ግን ሦስትን ለ50 አካፍሉ።